ንቅንቅ የማይሉ የማጣቀሻ ቁጥሮች

ጥያቄ፦ ሐረር የምማር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ማጣቀሻ ምንጮች በቁጥር በሚጠቀሱበት በቫንኩቨር ስልት ነው። አማካሪዬ መግቢያው ላይ አንድ አንቀጽ ካስጨመሩኝ ወዲህ ግማሹ ቁጥር ይቀየራል፤ ግማሹ ንቅንቅ አይልም። የደራሲዎች ስምም ተገለባብጧል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፋይሉን ባላየውም እጠረጥራለሁ፤ ይህ ጽሑፍ በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አልፏል። ከፊሉ ቁጥር ዞተሮ በሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ፕሮግራም የገባ ነው፤ የቀረውን አንድ ቸኩሎ የነበረ ሰው በጣቱ መትቶታል።

ምንም ከመንካትሽ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ገልብጠሽ አስቀምጪ። ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ እንዳለ አይቆጠርም።

ከዚያ ቅጂውን በዎርድ ክፈቺና አልት እና ኤፍ 9 አንድ ላይ ተጫኚ። ሕያው ቁጥር፣ ማለትም በዞተሮ የገባው፣ በጥምዝ ቅንፍ የታጠረ ረጅም ኮድ ሆኖ ይዘረገፋል፤ ቁጥር ሆኖ የቀረው የሞተ ነው። የሞተውን ሰርዘሽ በቦታው ከዞተሮ እንደገና አስገቢ። በእጅ ማስተካከል አያዋጣም፤ ቫንኩቨር ቁጥር የሚሰጠው ምንጩ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ስለሆነ አማካሪሽ አንድ አንቀጽ ባስጨመሩሽ ቁጥር ሁሉም ይገፋል። አንድ ምንጭ ሁለት ቁጥር ከያዘ ዞተሮ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ሁለቱን አንድ አድርጊ።

ወደ ስሙ ልምጣ፤ እኛ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለን ሰዎች ሥራችን በአብዛኛው ይህን ማቃናት ነው። ስልቱ የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ካናዳ፣ ቫንኩቨር ተሰብስበው ነው። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የቀረው ያለ ነጥብ ወደ መነሻ ፊደል ያጥራል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ጫላ አብዲ ሙሜ የሚባል ደራሲ አለ እንበል። አንዱ መዝገብ «ሙሜ ሲኤ» ይለዋል፣ ሌላው «ጫላ ኤኤም»፣ አያቱን የዘነጋው ደግሞ «አብዲ ሲ»። አንድ ሰው ሦስት ሆነ ማለት ነው። የትኛው ልክ ነው ብለሽ አትከራከሪ፤ ጽሑፉን ያሳተመው ጆርናል ራሱ እንዴት እንደመዘገበው አይተሽ ያንኑ ያዢ፤ ፈላጊው የሚያገኘው በዚያ ነውና። ዞተሮ ውስጥ ስሙ ላይ በቀኝ አዝራር ተጭነሽ የፊተኛውንና የኋለኛውን ማቀያየር ትችያለሽ። ድርጅት ሲሆን ግን ስሙ በአንድ ሳጥን ይግባ፤ አለበለዚያ የዓለም ጤና ድርጅት የእንግሊዝኛ ስሙ እንደ ሰው ተቆርጦ «ኦርጋናይዜሽን ደብልዩኤች» ሆኖ ይወጣል። ይህን በተጠረዘ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ አይቻለሁ፤ ፈታኞቹ ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም።

ማጣቀሻ እናወጣለን የሚሉ ነፃ ድረ ገጾችንም ተዪአቸው። ታይዋን ከሚባለው የድሬዳዋ ገበያ እንደተገዛ ርካሽ ቻርጀር የመጀመሪያ ቀን ብቻ ይሠራሉ። የጆርናሉን ስም ሳያሳጥሩ ይተዋሉ፣ የቅጹን (የቮልዩሙን) ቁጥር ይውጣሉ። የጆርናል ምህጻር የሚወሰደው ከአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ነው፤ እንደ ላንሴት ያለ ባለ አንድ ቃል ስም አያጥርም። ገጽ 284–287 ሲሆን 284–7 ተብሎ ይጻፋል። ደራሲዎቹ ከስድስት ከበለጡ ስድስቱን ጽፈሽ «ኤት አል» (እና ሌሎች) በዪ፤ የዩኒቨርሲቲሽ መመሪያ ሌላ ካለ ግን እሱን ተከተዪ።

ሲያልቅ ዞተሮ ላይ ሪፍሬሽ በዪ። ፋይሉን በስልክ ከፍተሽ አታስቀምጪ፤ ኮዱን ሊገድለው ይችላል። ማጣቀሻውን ከዞተሮ የሚነጥለውን ቁልፍ የምትጫኚው ለማስረከብ ስትዘጋጂ ብቻ ነው፤ ያኔም በቅጂው ላይ። ፋይሉ አንዴ ተነጥሎ ከተዘጋ ወዲያ መመለሻ የለውም።