ንስሐን ለነገ ለምታሳድሩ ልጆቼ

ለተወደዳችሁ የጅማ ወጣቶች፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሂሳብ ሥራ ኖሬ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በጾመ ነነዌ ከቅዳሴ ስንወጣ ከእናንተ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ንስሐ ብገባም መልሼ መውደቄ አይቀርም፤ ዕድሜዬ ረጋ ሲል ብገባ አይሻልም?» ሲል ጠየቀኝ። በችኮላ የሰጠሁት መልስ ሲከነክነኝ ስለ ሰነበተ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ፤ እኔም ንስሐዬን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያሳደርሁ ሰው ነኝና።

በ1984 ዓ.ም. ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ የቡና መጋዘን መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። በመኸር ወራት ከማናና ከጎማ ወረዳዎች ገበሬዎች ጀንፈላቸውን፣ ማለት ከነገለባው የደረቀ ቡናቸውን፣ ይዘው ሲመጡ ጆንያውን ሚዛን ላይ እናወጣለን፤ የሚዛኑ ክንድ ወዲያና ወዲህ እያለ ገና ሳይረጋ በጣቴ ያዝ አድርጌ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ ከዚያም ለጆንያው አንድ ኪሎ መቀነስ ሲገባኝ ሁለት እቀንሳለሁ። ያዘዘኝ አሠሪዬ ነው፤ ጣቱ ግን የእኔ ነበር። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ፊቴን ወደ መሬት እደፋ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሥራውን ለቅቄ ሌላ ቦታ ገባሁና ቦታ መቀየሬን እንደ ንስሐ ቆጠርሁት። በዚህ ነው የተታለልሁት፤ እናንተም እንዳትታለሉ እሰጋለሁ። ክፉ ሥራን መተው መልካም ጅምር ቢሆንም፣ ያልተናዘዝነውና ያልመለስነው ነገር ውስጣችን ተቀምጦ ይቆየናል።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቴ ስሄድ ጸሎቱንና ስግደቱን ከማዘዛቸው በፊት፣ «የስንት ሰው ቡና ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ስንት ሂሳብ የዘጋሁ ሰው ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የማስታውሳቸውን ፈልጌ እንድመልስ፣ የማላውቃቸውን ድርሻ ደግሞ ለነዳያን እንድሰጥ ቀኖና ሰጡኝ።

ይህን ስነግራችሁ ግን መዳን በካሳ የሚገዛ እንዳይመስላችሁ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተጻፈውን የዘኬዎስን ታሪክ ስታነቡ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ጌታ የቀራጮቹን አለቃ ከሾላው ላይ እንዲወርድ የጠራውና በቤቱ ሊውል የወደደው፣ ዘኬዎስ አንዲት ሳንቲም ከመመለሱ በፊት ነው፤ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» የሚለው ቃል የወጣው እንግዳው ከገባ በኋላ ነው። ዋጋው በመስቀል ላይ በክርስቶስ ደም ተከፍሏል፤ ዘኬዎስ የመለሰው ምሕረት ቤቱ ስለ ገባች ነው። ስለ ጠፋው ልጅም «ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየው» ተብሎ ተጽፏል፤ ልጁ ያጠናውን የይቅርታ ቃል ሳይጨርስ አባቱ አንገቱን አቅፎታል።

ጸጸት ብቻውን ንስሐ እንዳልሆነ ደግሞ ከይሁዳ እንማራለን። እርሱም ተጸጽቶ ሠላሳውን ብር መልሷል፤ ብሩን ለካህናት አለቆች መለሰ፣ ራሱን ግን ወደ ጌታው አልመለሰም። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ከትንሣኤው በኋላ ግን በባሕሩ ዳር ጌታን ባወቀው ጊዜ ታንኳይቱ እስክትደርስ እንኳ ሳይጠብቅ ራሱን ወደ ውኃው ጣለ። ሁለቱም በደሉ፣ ሁለቱም አዘኑ፤ የተለያዩት ከኀዘናቸው በኋላ በሄዱበት አቅጣጫ ነው።

«መልሼ እወድቃለሁ» ላልኸኝ ልጄ፣ ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል ተብሎ የተጻፈው ለአንተም ነው፤ ንስሐ አባት የምንይዘው አንድ ቀን ገብተን እንድንጨርስ ሳይሆን በወደቅን ቁጥር የምንመለስበት በር እንዲኖረን ነው። በመጨረሻ ሰዓት የዳነውን ፈያታዊ ዘየማንን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ ለመዘግየታችሁ ምክንያት የምታደርጉም አላችሁ። እርሱ ግን ጌታን አጠገቡ ባገኘበት በዚያው ቀን ነው «አስበኝ» ያለው፤ እናንተ ጌታን በልጅነታችሁ አግኝታችሁ ሳለ ቀን የምትቀጥሩት በምን ዋስትና ነው?

ካስታወስኋቸው ገበሬዎች አንዱን ማና ውስጥ አገኘኋቸው። ሸምግለው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ከደጃቸው የቡና ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። የመጣሁበትን በኦሮምኛ እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው፤ ገንዘቡን በፖስታ ሰጠኋቸው። ከፍተው ቀስ ብለው ቆጠሩት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ከዚያም ቀኝ እጄን አንሥተው ጣቴን አዩና፣ «ያኔም አይቼህ ነበር» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አፉ ብዬሃለሁ» አሉ፤ ልጃቸውንም ጠርተው ቡና እንድታፈላ አዘዙ። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ አላስነሡኝም፤ ስወጣም በምርኩዛቸው እየተደገፉ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ።