ከተራራ ጫፍ ተነስቶ መብረር፦ ስለ ፓራግላይዲንግ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ስለ ፓራግላይዲንግ፣ በጨርቅ ክንፍ ሥር ተንጠልጥሎ ስለ መብረር፣ የሚጠይቁን አንባቢዎች በዝተዋል። ቪዲዮ አይታችሁ ልባችሁ የተነሳ አላችሁ፣ ገና ስታስቡት ጉልበታችሁ የሚብረከረክም አላችሁ። ሁላችሁንም ይጠቅማሉ ያልናቸውን ጥያቄዎች መርጠናል።

ጥያቄ፦ ይሄ ነገር ከፓራሹት በምን ይለያል? አየር ላይ እያለሁ ንፋሱ ድንገት ቢቆምስ አልወድቅም?

መልስ፦ አትወድቅም። ፓራሹት የተሠራው አወዳደቅን ለማዘግየት ነው። ይሄኛው ግን የእውነት ክንፍ ነው። ጨርቁ ድርብ ነው፤ በሁለቱ ጨርቆች መሃል ከፊት በኩል አፋቸው ክፍት የሆነ ኪሶች አሉ። ክንፉ ወደፊት ሲሄድ አየር ይገባባቸዋል፣ ይነፋሉ፣ ቅርፃቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ ክንፉን የሚያቆመው ከውጭ የሚመጣ ንፋስ ሳይሆን የራሱ ጉዞ ነው፤ ጉዞውን ደግሞ የሚሰጠው ከታች የተንጠለጠለው የአንተ ክብደት ነው። ፀጥ ባለ አየር ውስጥ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደፊት እየሄደ በየሰከንዱ አንድ ሜትር ከምናምን ብቻ ዝቅ ይላል። ከማረፊያው 100 ሜትር ከፍ ብለህ ከተነሳህ 800 ሜትር ያህል ርቀህ ልታርፍ ትችላለህ ማለት ነው።

ዝምድናቸው ግን እውነት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሚዩሲ በምትባል የተራራ መንደር ሦስት ፓራሹተኞች ያለ አውሮፕላን፣ ከተዳፋት ላይ እየሮጡ ለመነሳት ሞከሩ። ተሳካላቸው። የዛሬው ስፖርት እየሰፋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ከፎቅ በረንዳ ወደ ታች ማየት እንኳ ያዞረኛል። ለኔ አይሆንም አይደል?

መልስ፦ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። በረንዳ ላይ የሚያዞርሽ አብዛኛውን ጊዜ ከእግርሽ ሥር ጀምሮ እስከ መሬት የሚወርደው ግድግዳ ነው። አየር ላይ ከመሬት ጋር የሚያገናኝሽ ነገር የለም። ከፍታ የሚፈሩ ግን በደስታ የሚበሩ ፓይለቶች ሞልተዋል።

ለመሞከር የጥንድ በረራ አለ። አንቺ ከፊት፣ ፓይለቱ ከኋላ ሆናችሁ በአንድ ክንፍ ሥር ትታሰራላችሁ። ከአንቺ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፦ ሩጪ ስትባዪ መሮጥ። ክንፉ ሲነሳ ወደ ኋላ ይጎትትሻል፣ ከዚያ ትከሻሽ ቀለል ይላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የተነሳ መስሎት እግሩን አጥፎ ይቀመጣል። እግርሽ አየር እየረገጠም ቢሆን መሮጥሽን አታቁሚ፣ ተቀመጪ እስክትባዪ ድረስ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ክንፍ በርካሽ አግኝቻለሁ። ቪዲዮ እያየሁ ራሴን ባስተምርስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። የክንፍ ጨርቅ ፀሐይ ይጎዳዋል፤ በዓይን ሲታይ አዲስ የሚመስል ጨርቅ አየር ማሳለፍ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ገመዶቹም ከጊዜ ብዛት አንዳንዱ ያጥራል፣ አንዳንዱ ይረዝማል፣ ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሆኖ የክንፉን ጠባይ ይለውጠዋል። ይህን የሚያውቀው በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ክንፍ የሚሸከመው የክብደት ልክ ተወስኖለታል፤ ልኩም ሰውየውን ከነዕቃው ነው። ደረጃም አለው። በአውሮፓ ምዘና ኤ የተባለው የጀማሪን ስህተት ይችላል፣ ዲ የተባለው ደግሞ ዓመታት ለበረሩ ሰዎች የተሠራ ነው። ርካሽ ሆኖ ያገኘኸው የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ?

ትምህርት ቤት ግባ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የምታሳልፈው አየር ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሥልጠናው ሁሉ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ለንፋሱ ጀርባህን ሰጥተህ ክንፉን ከፊትህ መሬት ላይ ትዘረጋለህ፣ ገመዱን ሳብ ታደርጋለህ፣ ክንፉ ቀና ብሎ ከራስህ በላይ ይቆማል፣ ወዲያው ወደ ግራ ማጋደል ይጀምራል። ያኔ እጅህ ብቻ ሳይሆን እግርህም ይማራል፤ ወደሚያጋድልበት አቅጣጫ ገብተህ ከሥሩ ትሆናለህ፣ በሌላው በኩል ያለውን ፍሬን፣ ማለትም በእጅህ የያዝከውን የክንፉን መቆጣጠሪያ ገመድ፣ በቀስታ ትስባለህ። ይህን እስከሚሰለችህ ድረስ አድርገው። ሜዳ ላይ ክንፉን ሳያይ በእጁ ስሜት ብቻ የሚያቆም ሰው ተራራ ላይ አይደናገጥም። ከዚያ ትንሽ ቁልቁለት ላይ አጭር በረራ፣ ቀጥሎ አሰልጣኙ በሬዲዮ እየመራህ ከፍ ያለ በረራ ይመጣል። አየሩ ከተመቸ መነሻው ሥልጠና ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ክንፍ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው፣ አሰልጣኝህን አማክረህ።

ጥያቄ፦ ጥሩ አየር የሚባለው ምን ዓይነት ነው? ፀሐይ ያለበት ቀን ሁሉ ይበረርበታል?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ስፖርት ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዕቃ ብልሽት ሳይሆን መብረር በማይገባበት ሰዓት ከመብረር ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ፓይለቶች ተርማል ይሉታል። ልምድ ያላቸው በእሱ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገሩም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሄዱ አሉ። ለጀማሪ ግን የቀትር ተርማል ክንፉን የሚያናውጥ ኃይል ነው። ስለዚህ ጀማሪ የሚበረው ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ንፋሱ ከፊት ለፊት ወደ ተዳፋቱ መምጣት አለበት፣ ፍጥነቱም ለጀማሪ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የተራራው ጀርባ ግን ክልክል ነው። ወንዝ ትልቅ ድንጋይ አልፎ ከኋላው እንደሚሽከረከር ሁሉ ንፋስም ተራራውን አልፎ ይሽከረከራል፣ ልዩነቱ ይሄኛው በዓይን አይታይም። መነሻው ላይ ንፋሱ የተመቸ መስሎህ አንዴ ከኋላ አንዴ ከፊት ከመጣ ቁጭ በልና ጠብቅ።

ከሁሉም በላይ ወደ ላይ የሚያድግ ጥቁር ደመና ይፈራል። በ2007 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ኤቫ ቪሽኒየርስካ የተባለች ጀርመናዊት ፓይለት ለዓለም ሻምፒዮና ስትለማመድ ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ላይ ስቦ ከ9,900 ሜትር በላይ አደረሳት። በረዶ ለብሳ፣ ራሷን ስታ ብትቆይም ነቅታ በሕይወት አረፈች። በዚያው ደመና የተሳበ ሌላ ፓይለት ግን ሞቷል። እሷ ጀማሪ አልነበረችም፣ የታወቀች ተወዳዳሪ ነበረች። ለዚህ ነው ትንበያ ሳታይ አትነሳ የምንልህ፣ ጓደኞችህ ሁሉ ቢነሱም እንኳ።

ጥያቄ፦ አየር ላይ ክንፉ ቢታጠፍስ?

መልስ፦ ይታጠፋል፣ በተለይ በሚያናውጥ አየር። የጀማሪ ክንፍ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይከፈታል። የአንቺ ሥራ ክብደትሽን ወዳልታጠፈው ወገን አድርገሽ አቅጣጫሽን መጠበቅ ነው፤ ደንግጠሽ ሁለቱንም ፍሬን ሙሉ በሙሉ ከሳብሽ ግን ያባብሰዋል። እሱም ካልሠራ መቀመጫሽ ላይ የመጠባበቂያ ፓራሹት አለ፣ እጀታውን ስበሽ ትወረውሪዋለሽ። መሬት ላይ ሆነሽ እጅሽ ሳያይ እጀታውን እንዲያገኝ ተለማመጂ። ፓራሹቱም በየጊዜው ተፈትቶ እንደገና መታጠፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው፣ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል። ይቅርብኝ?

መልስ፦ ዕድሜዎ አይከለክልዎትም፣ ከእርስዎ በጣም የሚበልጡ ሰዎችም በጥንድ ይበራሉ። ጉልበትዎን ግን መጀመሪያ ለሐኪምዎ ያሳዩ፣ ለፓይለቱም ዕቃ ከመታሰሩ በፊት ይንገሩት እንጂ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሰው አይሁን። ከፊት የሚመጣ ንፋስ ባለበት ቀን ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ ሊበቃ ይችላል፣ ንፋስ በሌለበት ቀን ግን ብዙ መሮጥ ስላለ ቀኑን እሱ ይምረጥልዎ። ሲያርፉ እግርዎን ወደፊት አንስተው በመቀመጫው ማረፍ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከሥሩ ግጭት የሚቀንስ ወፍራም ትራስ አለው። ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ጫማ ያድርጉ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጃኬት ይደርቡ።