የወንዝ ዳርን ለምታጠኑ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የዕፅዋትን ጥናት ወይም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ሙያዬ ብላችሁ ለያዛችሁ ሁሉ ስለ አንዲት ደቃቃ ተክል ልጽፍላችሁ ወደድኩ። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሪቻርድ ስፕሩስ እ.ኤ.አ. በ1857 በኢኳዶር ሲጓዝ የቶፖ ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ ከለከለው። ውኃው እስኪጎድል ሲጠብቅ በዳርቻው ቁጥቋጦ ላይ ያገኛት ሊቨርወርት ሚሪዮኮሊያ ኢሮራታ ተባለች፤ እንደገና የተገኘችው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዛሬ በዘረመል ጥናት ምክንያት ኮሉራ ከተባለው ወገን ተመድባለች።

ሊቨርወርት በእርጥብ ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው የሞስ ዘመድ ሲሆን እውነተኛ ሥርም አበባም የለውም፤ ስፖር በተባለ ደቃቅ ብናኝ ይራባል። የቶፖዋ ዝርያ የምትኖረው ወንዙ ሲሞላ በሚጥለቀለቁ፣ ሲጎድል ደግሞ ከዓለቱ በሚፈናጠቅ ውኃ በሚረጥቡ ቁጥቋጦዎች ቀንበጥ ላይ ነው። አኗኗሯን በሚገባ አስተውሉት፤ አደጋዋም የሚመነጨው ከዚያው ነውና። በወንዙ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሲታቀድ ተመራማሪዎች የሰጉት አንድም ቁጥቋጦ ሳይቆረጥ፣ ውኃው ከመንገዱ በመጠለፉ ብቻ ተክሏ ልትጠፋ ስለምትችል ነው። በዙሪያዋ ያለውን ደን ብንከልልላት እንኳ የወንዙ አካሄድ ከተለወጠ ከለላው አያድናትም።

በአገራችን በሚዘጋጁ ብዙ የግምገማ ሰነዶች ዛፉ፣ አጥቢ እንስሳውና ወፉ ይዘረዘራሉ፤ በቅርፊቱ ላይ ያለው ግን አይጠቀስም። ይህ ያሳዝነኛል። በሐረና ወይም በካፋ ጫካ አንድ ግንድ በእጅ ማጉያ መነጽር ብትመለከቱ፣ ከሩቅ አንድ ዓይነት አረንጓዴ የመሰላችሁ ነገር ብዙ ዝርያ ሆኖ ይታያችኋል።

ናሙና ስትወስዱ ጥቂት ብቻ ውሰዱ፤ ብርቅ መስሎ ከታያችሁ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ከመንካታችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። በፕላስቲክ ከረጢት አታቆዩት፤ ይሻግታል። በወረቀት ጠቅልላችሁ በጥላ አድርቁት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የበቀለበትን ተክል ስም እዚያው ሳላችሁ በእርሳስ ጻፉበት፤ ቀለም በእርጥበት ይፈስሳልና። ከዓመታት በኋላ አንድ ጠብታ ውኃ ሲነካው የተጨማደደው ቅጠል ተዘርግቶ በማይክሮስኮፕ ሥር ለመለየት ይበቃል፤ ስለዚህ ዛሬ የማታውቁትንም ቢሆን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አስረክቡ።

የወንዝ ፕሮጀክት ከሆነ ዳርቻውን በበጋም በክረምትም እዩት። አልሚው ለወንዙ እተዋለሁ የሚለውን አነስተኛ የውኃ መጠን ብቻ አትጠይቁት፤ ጎርፉ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ እስከ የትኛው ቁጥቋጦ እንደሚደርስና ግንባታው ካለቀ በኋላስ መምጣቱን ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ሳይደርሳችሁም ሰነዱ ላይ አትፈርሙ።