ትራፒዚየም እና ትራፒዞይድ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

አንዱ መጽሐፍዎ አንድን ቅርጽ «ትራፒዚየም»፣ ሌላው ደግሞ «ትራፒዞይድ» ብሎት ግራ ከተጋቡ፣ ሁለቱ መጻሕፍት አልተጋጩም፤ የሚያወሩት ስለ አንድ ቅርጽ ነው። ሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑትን ጎነ አራት እንግሊዞች ትራፒዚየም ሲሉት አሜሪካውያን ትራፒዞይድ ይሉታል።

«ትራፒዚየም» የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ጠረጴዛ» ነው። ሥሩ ትራፔዛ፣ ማለትም «ባለ አራት እግር»፣ ነው። ደስ የሚለው ነገር የእኛው «ጠረጴዛ» የመጣውም ከዚሁ ቃል መሆኑ ነው! «ጴ» ራሷ ትመሰክራለች፤ እንደ ጴጥሮስና ጳጳስ ባሉ ከግሪክ በተወረሱ ቃላት ላይ የምናገኛት ፊደል ናት። ስለዚህ ስሙ ቢጠፋብዎ ጠረጴዛን ያስቡ።

ግርታውን ያመጣው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ሃተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 መታተም በጀመረው የሒሳብ መዝገበ ቃላቱ የሁለቱን ስሞች ትርጉም ማቀያየሩ ነው። አሜሪካውያን ያንን ይዘው ቀሩ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በአሜሪካ መጽሐፍ «ትራፒዚየም» ማለት ምንም ትይዩ ጎን የሌለው ጎነ አራት ነው። እኔ ይህን ሳላጣራ፣ እንደለመድኩት ሁለት ጎኖችን ደምሬ በቁመት አባዝቼ ለሁለት አካፈልኩ፤ ስዕሉን ልብ ብዬ ሳየው አንድም ጥንድ ትይዩ ጎን አልነበረውም። ስፋት ከማስላትዎ በፊት መጽሐፉ የሰጠውን ፍቺ ያንብቡ።