ሰርዶን ለማጥፋት በቡና ማሳ ላይ ጨው ይረጫል ወይ?

ጥያቄ፦ ጅማ ዞን፣ ማና ወረዳ ነው የማርሰው። አፈሩን ይሸፍንልኛል ብዬ በቡናዬ መካከል ዴስሞዲየም የሚባለውን መሬት ለመሬት የሚሳብ የመኖ ተክል ዘርቼ ጥሩ ይዞልኝ ነበር። ከብቶቼ ጨው ከሚልሱበት ገንዳ ግርጌ ያለው ግን የቅጠሉ ጠርዝ እየነደደ ደረቀ። ጎረቤቴ ደግሞ «አየህ፣ ጨው ያደርቃል፤ ሰርዶውንም በሱ አጥፋው» ይለኛል። ላድርገው?

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። ሰርዶ ጨውን በደንብ ከሚቋቋሙ ሣሮች አንዱ ነው። ቡና ግን ጨው አይችልም፤ ዴስሞዲየም፣ ማገጥና ስኳር ድንችም ቶሎ ይጎዳሉ። ሰርዶን የሚገድል ጨው ከረጩ ቀድሞ የሚሞተው ቡናዎ ነው።

ጨው በበዛበት አፈር ውስጥ እርጥበት እያለ እንኳ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ቀስ በቀስም ጨው የተሠራባቸው ሶዲየምና ክሎራይድ በቅጠሉ ይከማቻሉ፤ አሮጌው ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ይነዳል። መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል በየአንጓው አዲስ ሥር የሚሰደው ጨው ባረፈበት የላይኛው አፈር ላይ ስለሆነ ይብስበታል። በዚያ ላይ ሶዲየም ሸክላማ አፈርን ይበትነዋል፤ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፣ ዘርም አያስወጣም። የቅጠል ጠርዝ መንደድ በማሳው ሁሉ የታየ ቢሆን ፖታሲየም አንሶት ይሆናል እል ነበር፤ ከገንዳው ግርጌ ብቻ መሆኑ ግን ጨውን ያሳየኛል።

የጅማ ዝናብ ትልቅ ረዳት ነው። በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ስለሚዘንብ፣ በመስኖ ጨው እንደተጠራቀመበት እንደ መካከለኛው አዋሽ መሬት ጨው እዚህ አይከርምም፤ ምንጩ ከተቋረጠ ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ ገንዳውን ከቡናው ያርቁት፣ ከማሳው በላይ በኩል አያድርጉት፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ክዳን ይሥሩለት። ነጭ ቅርፊት ካለ ከላይ ጠርገው ከማሳው ያውጡ። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይጨምሩ፤ ትኩስ የበረት ፍግ ራሱ ጨው ስላለው ይቅር። አፈርዎ አሲዳማ መሆኑ ተመርምሮ ከታወቀ ኖራም ይረዳል፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ያስለቅቃል። ክረምቱ ካጠበው በኋላ ጥቂት ዴስሞዲየም ይሞክሩ፤ ጠርዙ ሳይነድ ከያዘ ቀሪውን ይሙሉ።

ሰርዶውን በበጋ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ጥርስ ባለው ዶማ ነቅለው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በስለታም ዶማ አይከታትፉት፤ እያንዳንዱ አንጓ ያለው ቁራጭ ይበቅላል። ከቡናው ግንድ አጠገብ ግን የቡናው መጋቢ ሥር ከላይ ስለሆነ በእጅ ብቻ ይንቀሉት።