ለፋሲል ግቢ ሥዕል 24 ቀለም አያስፈልግህም

የጎንደሩን ፋሲል ግቢ ስትስል ግንቡ ከሰል እንደመሰለብህ ነግረኸኝ፣ ባለ 24 ቀለም የአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ስብስብ ልግዛ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ስብስቡን ተወውና 6 ቱቦ ነጠላ ነጠላ ግዛ፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ሎሚ ቢጫ፣ የሎው ኦከር (አፈር መሳይ ቢጫ)፣ ካድሚየም ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ)። ነጩ ትልቅ ቱቦ ይሁን፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። አልትራማሪኑ ላይ «ፒቢ 29» (PB29) የሚል የቀለም መለያ ኮድ ፈልግ።

«ግንቡ ከሰል መሰለብኝ» ያልከው በጥቁር ቀለም ስለሳልከው ነው። አልትራማሪንና በርንት ሲዬና አቀላቅለህ ነጭ ጨምርበት፣ ግራጫ ይወጣል። ፀሐይ ለመታው ጎን ሲዬናውን አብዛ፣ ለጥላው ሰማያዊውን። በድንጋዮቹ መካከል ላለው ኖራ ነጭ ከትንሽ ኦከር ጋር ይበቃል። የመስከረም አረንጓዴ ከሎሚ ቢጫና ከአልትራማሪን ነው፤ ከደመቀብህ ቀይ ጠብ አድርግበት። የበጋውን ደረቅ ሣር ኦከሩ ብቻውን ሊወጣው ምንም አይቀረው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ሸራውን ፀሐይ ላይ አታቁም። ብርሃኑ ቀለሙን አፍክቶ ስለሚያሳይህ ሳታስበው ታጠቁረዋለህ፤ ቤት ስታስገባው ሥዕሉ ጨልሞ ይጠብቅሃል። አክሪሊክ ደግሞ ሲደርቅ በራሱም ትንሽ ይጠቁራል። ጥላ ሥር ተቀመጥ፣ ቀለሙን የአተር ፍሬ እያከልክ ብቻ አውጣ፣ በየጊዜው ውሃ እርጭበት፤ አለዚያ የበጋ ፀሐይ በደቂቃዎች ውስጥ ያደርቀዋል።