ታስክ ማናጀር ሲከፈት ዝም የሚለው ፋን

አንዲት እህታችን ከሐረር ጻፈችልኝ። ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች። ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት። የሸጠላት ሱቅ ዊንዶውስ 10 ጭኖ፣ «የሚያስፈልግሽን ፕሮግራም ሁሉ ሞልተንልሻል» ብሎ ሰጣት። ለመክፈት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ምንም ሳትሠራበት ፋኑ ይጮኻል። የትኛው ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ስትከፍት ግን ወዲያው ዝም ይላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ከድሮ ኮምፒውተሯ ያመጣቻቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች ደግሞ ግማሾቹ የፈረንጅ ፊደል ሆነው ይከፈታሉ፣ ግማሾቹ ባዶ ሳጥን። «የትኞቹ ፕሮግራሞች ናቸው በእውነት የሚያስፈልጉኝ? የትኛውንስ ላጥፋ?» ትላለች።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አንቱታውን አልችልበትም። አንቺ ብዬ ልቀጥል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ፋይልሽን ሁለት ቦታ ሳትገለብጪ ምንም እንዳትነኪ። ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ ፒዲኤፍ ብቻ ገልብጪ። ፕሮግራም አትገልብጪ፤ በሽታውን ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ሁለት ቦታ ስልሽ ደግሞ ዴስክቶፕና ዲ ድራይቭ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። አንዱ ሲሞት አብረው ይሞታሉ።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ። ድሬ ብትሆኚ ኖሮ መጀመሪያ ሙቀቱንና አቧራውን እጠረጥር ነበር። እዚህ ከዚራ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ይግላል። ሐረር ላይ ግን፣ ያውም ሥራ ሳይኖረው፣ ፋን እንዲህ አይጮኽም። ደግሞ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ዝም የሚል አቧራ የለም። ይህ ምልክት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነግረኝ። ኮምፒውተርሽ ውስጥ ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም ተቀምጧል። ማይነር ይሉታል። ፕሮሰሰርሽን ሙሉ ለሙሉ ይይዛል። ታስክ ማናጀር መከፈቱን ሲያይ ሥራውን ያቆማል፣ እንዳትይዢው። ስትዘጊው ይቀጥላል።

ከየት መጣ? ከክራኩ ነው። ዊንዶውሱንና ኦፊሱን ያለ ፈቃድ «አክቲቬት» ያደረገው ፕሮግራም መጀመሪያ አንቲ ቫይረስ አጥፉ ብሎ ይጠይቃል። አንዴ በሩ ከተከፈተለት ምን ይዞ እንደሚገባ የጫነው ልጅም አያውቅም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ግቢ። የቫይረስ መከላከያው ሴቲንግ ውስጥ ኤክስክሉዥንስ የሚል አለ፤ «እዚህ አትፈትሽ» ተብሎ የተነገረው ቦታ ማለት ነው። ሲ ድራይቭ ሙሉው እዚያ ተመዝግቦ ብታገኚው አይግረምሽ። ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። ዘበኛውን ቀጥረው ዓይኑን በጨርቅ እንደማሰር ነው።

እዚያ የተመዘገበውን ሁሉ ሰርዢ። ከዚያ ስካን ኦፕሽንስ ገብተሽ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ምረጪ። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፣ ዊንዶውሱ ሳይነቃ ይፈትሻል፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ይህ ግን ለጊዜው ነው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ከተጸዳ በኋላም አላምነውም። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ መጫን አለበት።

እስከዚያው በዚህ ላፕቶፕ የባንክ ሥራ እንዳትሠሪ። ማስታወቂያ የሚያመጣው ፕሮግራም የይለፍ ቃልም ይሰርቅ ይሆናል። የኢሜይልሽን የይለፍ ቃል በስልክሽ ቀይሪ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ገብተሽ ከስልክሽ በስተቀር ሌላውን ሁሉ አስወጪ። ብዙ ሰው ቴሌግራሙ የሚሰረቅበት ከስልኩ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ከተከፈተውም ሊወስዱት ይችላሉ።

ወደ አማርኛው ልምጣ። ይህን ሰው ሁሉ «ቫይረስ በላው» ብሎ ፋይሉን ስለሚያጠፋ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። 65 ስትይው የላቲኑን ትልቁን «ኤ» ያሳይሻል። ድሮ ለአንድ ፊደል የሚሰጠው አንድ ባይት ነበር፤ 256 ቦታ ማለት ነው። ከዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ብቻ 231 ነው። ሏን፣ ቋን፣ ኳን ጨምሪበት። ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ሃያ ቁጥሮች ጨምሪ። አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ አሉ። አይገባም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች የላቲኑን ቦታ ወስደው በላዩ የእኛን ፊደል ሣሉበት። ያልበቃውን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ፎንት አከፋፈሉት። ትልቅ ሥራ ነው የሠሩት፤ ማመልከቻውም መጽሔቱም ስንት ዓመት በዚያ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ግን ያን ጊዜም ላቲን እንደጻፈ ነው የሚያውቀው። አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ነው።

እንዲህ አስቢው። አንድ ሰው «የቤት ቁጥር 65 ሂጂ» ቢልሽ ቀበሌውን ሳትጠይቂ ልትደርሺ አትችይም። በየቀበሌው 65 ቁጥር አለ። ፎንቱ ቀበሌው ነው። ቪዥዋል ግዕዝ የራሱ አደላደል ነበረው፣ ፓወር ግዕዝም የራሱ። ፋይሉ ሲመጣ ፎንቱ ከሌለ ማሽኑ ቁጥሩን ይዞ ወደሚያውቀው ቀበሌ ይሄዳል፣ ወደ ላቲኑ። የፈረንጅ ፊደሉ፣ ቃለ አጋኖው፣ የማባዣ ምልክቱ የሚደባለቅብሽ ለዚህ ነው። ከድሮ ነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ላይ አንቀጽ ገልብጠሽ ዎርድ ላይ ለጥፈሽ ከሆነ ይህንኑ አይተሻል። ፒዲኤፉ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚዞር ለዓይን ደህና ነው፣ ስትገለብጪው ግን ቁጥሩ ብቻ ነው የሚመጣው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የሚባለው የፊደል ቁጥር ደንብ ነገሩን ቀየረው። ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ የማይደገም ቁጥር ሰጠ። ሀ 4608 ናት። ለ 4616፣ ሉ 4617 እያለ ሄዶ ሏ 4623 ላይ ያርፋል። ስምንት ስምንት ቦታ ነው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት፣ ስምንተኛው ለዲቃላዋ። ሐ ከ4624 ይጀምራል። አሁን በስልክሽ የምትጽፊው ሁሉ በዚህ ቁጥር ነው። የትኛውም ፎንት ቢሆን ለ ያው ለ ነው። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የፈረንጅ ፊደል የሆኑት ደብዳቤዎችሽ አልሞቱም። የድሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል አለ። የግዕዝ ፎንቶቹን ከዚያ አምጪና ጫኚ። ለማተም ብቻ ከሆነ ይኸው አለቀ። ማረም ከፈለግሽ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ከቀየርሽ በኋላ ቁጥሮቹንና ዲቃላዎቹን በዓይንሽ አንድ በአንድ እይ። አንድ ነገር ግን እንዳታደርጊ፦ ሙሉውን መርጠሽ ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይረሽ ሴቭ አታድርጊ። የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው ምልክት ይጠፋል። እንግሊዝኛውና አማርኛው ይደባለቃል፣ መመለሻ የለውም። በቅጂው ላይ ነው የምትሠሪው። ዋናው አይነካም።

ሳጥን የሆኑት ሌላ ነገር ናቸው። እነሱ ዩኒኮድ ይመስሉኛል። ጤነኛ ዊንዶውስ 10 ላይ ኤብሪማ የሚባል ፎንት አብሮ ስለሚመጣ አማርኛ ሳጥን አይሆንም። አንቺ ጋ ሳጥን ከሆነ ፎንቱ ተቆርጦ ወጥቷል። ይህ ደግሞ የተጫነልሽ ዊንዶውስ ራሱ አንድ ሰው ቤቱ ቆራርጦ «ላይት» ብሎ ያሰራጨው እንደሆነ ይጠቁመኛል። እንዲቀል ብለው ፎንቱንም፣ አፕዴቱንም፣ መከላከያውንም ያወጡታል። አቦ፣ ሰው ለሥራ ለሚገዛው ማሽን እንዲህ አይደረግም! ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት አማርኛ የማያነብ ኮምፒውተር ምን ታደርግበታለች?

የሚያናድደው ደግሞ ክራክ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ የታወቁ ኩባንያ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፏል። ትክክለኛውን ዊንዶውስ ስትጭኚ ራሱ አንብቦ ይነሳል። ዊንዶውስ ግን ሆምና ፕሮ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፤ ፈቃዱ የሆም ሆኖ ፕሮ ከጫኑበት አይቀበልም። ያኔ ነው ወደ ክራክ የሚሮጡት። መጀመሪያ ሆም ሞክሪ።

አጫጫኑን ታውቂዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደ፣ መጫኛውን ፍላሽ ላይ የሚያዘጋጅ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል፣ ሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ። ግን እኔ ብሆን በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ አልጭንም። 240 ወይም 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረውን ፈጣኑን ዲስክ ገዝተሽ አስገቢ፣ አዲሱን ዊንዶውስ እዚያ ላይ ጫኚ። ከመፍታትሽ በፊት ባትሪውን ንቀይ። የሚከፈትበት ስምንት ደቂቃ ከአንድ ደቂቃ በታች ይወርዳል። የድሮው ዲስክ ደግሞ ከነፋይሉ ሳይነካ ይቀመጥልሻል። ይህ ካልሆነልሽና በዚያው ላይ ልትጭኚ ከሆነ፣ ደግሜ ልንገርሽ፣ ፎርማት ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሁለት ቦታ ገልብጪ፣ የገለበጥሽውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ እይ፣ ከዚያ ነው ፎርማት።

ፍላሹን ስትገዢ ተጠንቀቂ። እዚህ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ በትንሽ ብር «2 ቴራ» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ውስጡ 32 ጊጋ ይሆናል፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የቀየሩት። ሲሞላ ሳይነግርሽ በላዩ እየጻፈ ይሄዳል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ የለም። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ባዶውን ፍላሽ እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ያልተፈተነ ፍላሽ ላይ የሰው ማስረጃ አይቀመጥም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ምን ልጫን? ጥቂት ነው። ለኦፊስ ሊብሬኦፊስ። ነፃ ነው፣ ክራክ የለውም፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። ለደንበኛ በፍላሽ ስትሰጪ በዎርድ ዓይነት ሴቭ አድርጊ፣ ከማተምሽ በፊትም ገጹን እይው፤ ሠንጠረዥ ላይ አንዳንዴ መስመር ይዘላል። ለስካን ናፕስ2። ለአንቺ ሥራ ከሁሉም በላይ የምወድልሽ እሱን ነው። አሥር ገጽ ስካን አድርገሽ ገጹን አቀያይረሽ በአንድ ፒዲኤፍ ታወጪዋለሽ። ከአታሚው ጋር የሚመጣው ከባድ ፕሮግራም ይህን በቀላሉ አይሠራውም። ለጉርድ ፎቶ ጊምፕ፤ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ሳምንት ታገሺው። ፒዲኤፍ ለማንበብ ሱማትራ፤ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይከፍታል። ለአማርኛ መጻፊያ ኪይማን ከአማርኛ ኪቦርዱ ጋር፣ ፎንት አቢሲኒካ። ኒያላ የሚጠይቅ ደብዳቤ ካለሽ ደግሞ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብተሽ ኢትዮፒክ ሰፕሌመንታል ፎንትስ የሚለውን አውርጂ። 7ዚፕና ቪኤልሲ የታወቁ ናቸው። ብራውዘር ፋየርፎክስ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ ተጨምሮበት።

አንቲ ቫይረስ አትጨምሪ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ሳይነካ ከተተወ ይበቃሻል። ሌላ ስትጭኚ እሱ ራሱን ያጠፋል። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ የሚሉ ጥቅሎች፣ «ኮምፒውተር አፍጣኝ»፣ «ሬጅስትሪ ጠራጊ» የሚባሉት ሁሉ ይቅሩ። የጥግ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ፕሮግራሞቹን ሁሉ ከየራሳቸው ድረ ገጽ አውርጂ፤ ከቴሌግራም ቻናል እንዳትወስጂ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል። ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። አፕዴት ገጹ ላይ የተራዘመ የደኅንነት ድጋፍ ምዝገባ ካመጣልሽ ተመዝገቢ፤ ብራውዘሩንም ሁልጊዜ አድሺው።

የመጨረሻው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ነው። እንዲያውም እሱን ዛሬውኑ፣ ምንም ሳትጀምሪ፣ ባለሽበት ማሽን ላይ ክፈቺው። የዲስኩን ጤና በቀለም ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ እንዳልኩሽ በተርታ ቀጥዪ። ቢጫ ወይም ቀይ ካየሽ ኦፍላይን ስካኑንም፣ ፎንቱንም ተዪው። ማሽኑን ደጋግመሽ አታጥፊ አታብሪ። በጣም የምትፈልጊያቸውን ደብዳቤዎች አስቀድመሽ፣ ሌላውን አስከትለሽ ገልብጪ፤ ከዚያ ዲስኩን አውጥተሽ አስቀምጪው።